የተጠላ ሙዚቃ፣ የተረፈ ፕሮዲውሰር፦ የናይል ሮጀርስ ጉዳይ

ኦገስት 18 ቀን 1979 «ጉድ ታይምስ» የሚባል ዘፈን በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጊታሩን ናይል ሮጀርስ፣ ቤዙን በርናርድ ኤድዋርድስ ይጫወታሉ። ባንዳቸው ሺክ ይባላል፤ የሚጫወቱትም በዘመኑ የጭፈራ ቤቶችን የሞላውን ዲስኮ ነው። በሳምንቱ «ማይ ሻሮና» የተባለ የሮክ ዘፈን መጣና ከቦታቸው አወረዳቸው። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነገር ነው፤ አንደኛ የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሺክ ከ«ጉድ ታይምስ» በኋላ አንድም ዘፈን አሜሪካ ውስጥ ከምርጥ 40ዎቹ ተርታ ማስገባት አልቻለም።

ሮጀርስ ያኔ 27 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሙዚቃው ዓለም ልማድ ታሪኩ እዚያ ላይ ነበር የሚያበቃው። እሱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ የዴቪድ ቦዊን በሽያጭ አንደኛ የሆነውን አልበም ሠራ። በአምስተኛው ዓመት ማዶናን የዓለም ኮከብ ያደረገው አልበም ከእጁ ወጣ። ከ34 ዓመት በኋላ ደግሞ ዓለም ሁሉ በእሱ ጊታር ሲጨፍር ከረመ። ታዲያ አሜሪካ ዲስኮን እንደዚያ ስትጠላ ሰውየው እንዴት ተረፈ? ጉዳዩን ልጽፈው የፈለግኩት ለዚህ ነው። የራሴን መልስ ከወዲሁ ልናገር። ሮጀርስ ሁለት ዓይነት ሀብት ነበረው። አንዱ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው የእጅ ሙያ ነው። ሌላው የዘፈን ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ስሙ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሰጠው፣ ሁለተኛው አኖረው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ይደባልቃቸዋል።

ፕሮዲውሰር ስል ገንዘብ አውጥቶ ካሴት የሚያሳትመውን ሙዚቃ ቤት ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ሮጀርስ የሚሠራው የእኛ አቀናባሪ የሚሠራውን ነው፤ ከዚያም አልፎ ዘፈኑን ይመርጣል፣ ተጫዋቹን ይጠራል፣ ዘፋኙን ያዘፍናል፣ በመጨረሻም «ይሄ አልቋል» ብሎ የሚወስነው እሱ ነው።

ከየት መጣ

ሮጀርስ በ1952 ኒውዮርክ ተወለደ። እናቱ ስትወልደው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቱ ከበሮ መቺ ነው፤ ከቤት የለም። ያሳደገው የእንጀራ አባቱ ነጭ አይሁዳዊ ነው፤ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር ከሚውሉት ጃዝ ወዳድና መጽሐፍ አንባቢዎች አንዱ። እናቱም እንጀራ አባቱም የሄሮይን ሱሰኞች ነበሩ። ልጁ አስም ነበረበት። ቤቱ ግን በሰውና በሙዚቃ የተሞላ ነበር። በጉርምስናው ብላክ ፓንተር የሚባለው የጥቁሮች የፖለቲካ ንቅናቄ አባል ሆነ። በ19 ዓመቱ ከ«ሰሳሚ ስትሪት» የሕፃናት ፕሮግራም ተጓዥ ባንድ ጋር ተጫወተ። ቀጥሎ ሃርለም ውስጥ የአፖሎ ቲያትር ባንድ ተጫዋች ሆነ። አፖሎ ቀልድ አያውቅም። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ዘፋኝ ማጀብ ነው፤ የተጻፈ ኖታ እያየ ወዲያው ያልተጫወተ ይባረራል። የሮጀርስ ትምህርት ቤት ይሄ ነበር፤ ኋላ የሚጠቅመውም ይሄው ነው።

ኤድዋርድስን ያገኘው በ1970 አካባቢ ነው። መጀመሪያ አልተዋደዱም። ሮጀርስ ጃዝና ሮክ የሚወድ ሂፒ ነገር ነበር። ኤድዋርድስ የሰፈሩን የጭፈራ ሙዚቃ ጠንቅቆ ያውቃል። ሮጀርስን ወደ ሌላ ዓይነት የጊታር አመታት የመራው እሱ ነው። በአንድ ምት ውስጥ ቀኝ እጅ አራት ጊዜ ይወርዳል ይወጣል፤ አያርፍም። ብልሃቱ ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ጣት ሲጫን ክሩ ይናገራል፤ ጣት ሲላላ ክሩ ታፍኖ «ቸክ» ይላል። ስለዚህ ጊታሩ ዜማም ከበሮም ይሆናል። ኮርዱም ሙሉውን አይመታም። ከስድስቱ ክሮች ቀጫጭኖቹን ሁለት ሦስቱን ብቻ ነው የሚነካው። የቀረው ቦታ ለቤዙ ይለቀቃል። የሺክን ዘፈን ስትሰሙ ቤዙ ያን ያህል ጎልቶ የሚሰማው ኤድዋርድስ ስለጮኸ አይደለም። ሮጀርስ ቦታ ስለለቀቀለት ነው።

ፊት የሌለው ባንድ

ሺክ ሲቋቋም ከሁለት ቦታ ሐሳብ ተወሰደ። ሮጀርስ እንግሊዝ አገር የሮክሲ ሙዚክን ኮንሰርት አይቶ በአለባበሳቸውና በቄንጣቸው ተማርኮ ነበር። ኪስ ከሚባለው የሮክ ባንድ ደግሞ ሌላ ነገር ተማረ፤ ፊታቸውን ቀለም ስለሚቀቡ መንገድ ላይ ማንም አያውቃቸውም። ሁለቱን አዳቀላቸው። ሱፍ የለበሰ፣ የከበርቴ መልክ ያለው፣ ግን ማን ማን እንደሆነ የማይለይ ባንድ። ዘፋኞቹ ይቀያየራሉ። ከተቀባዮቹ መካከል ያኔ ማንም የማያውቀው ሉተር ቫንድሮስ ነበር። ከፊት የሚቆም ኮከብ የለም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ ሺክን የጎዳውም ሮጀርስን ያተረፈውም ይሄው ነው።

ሁለተኛው ደንባቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስውር ፍቺ ይኑረው የሚል ነበር። የእኛ ሰምና ወርቅ ዓይነት ነገር ነው። «ጉድ ታይምስ»ን ውሰዱ። ሰሙ ድግስና ጭፈራ ነው። ወርቁ ግን 1979 ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ፣ የኑሮ ውድነት፣ የሥራ ማጣት። ግጥሙ ውስጥ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሕዝብን ለማጽናናት ከተዘፈኑ ዘፈኖች የተወሰዱ ሐረጎች አሉ። ሰሚው ሰሙን ብቻ ወሰደ። ተቺዎችም «እነዚህ ሰዎች አገር ሲቸገር ስለ ድግስ ይዘፍናሉ» አሏቸው።

የ«ለ ፍሪክ» ታሪክ ብዙ ስለተወራ በአጭሩ ልለፈው። የ1977 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ዘፋኟ ግሬስ ጆንስ ስቱዲዮ 54 ወደሚባለው ዝነኛ ናይት ክለብ ጋበዘቻቸው። በረኛው ስማችሁ የለም ብሎ መለሳቸው። ቤት ገብተው ሻምፓኝ እየጠጡ በረኛውን በዜማ ሰደቡት። ስድቡን ለሬዲዮ በሚሆን ቃል ተኩት። በ1978 የወጣው ዘፈን አንደኛ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ወረደ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ።

ከዚህ የሚበልጠው ለእኔ የሲስተር ስሌጅ ነገር ነው። የአትላንቲክ ሪከርድስ ፕሬዚዳንት ጄሪ ግሪንበርግ ሁለቱን ጠርቶ ከድርጅቱ ዘፋኞች የፈለጋችሁትን ውሰዱና ሥሩ አላቸው። ሮሊንግ ስቶንስ ሳይቀር ተነስቶላቸዋል። እነሱ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ብልህ ነው። ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ሠርተው ቢሳካ ምስጋናው የሮሊንግ ስቶንስ ነው። ያልታወቀ ሰው ስጡን፣ ከተሳካ ሥራው የእኛ መሆኑ ይታወቃል አሉ። ግሪንበርግ ፊላደልፊያ ስላሉ አራት እህትማማቾች ማውራት ጀመረ። ቤተሰብ ናቸው፣ እንደ አንድ መንጋ ወፎች አይነጣጠሉም እያለ ሲያሞግሳቸው እነሱ እየሰሙ ይጽፋሉ። የ«ዊ አር ፋሚሊ» ግጥም መነሻው ያ ወሬ ነው። ልጆቹን ገና በዓይናቸው እንኳ አላዩአቸውም!

በቀረጻው ቀን ዋና ድምፅ የነበረችው ካቲ ስሌጅ 19 ዓመቷ ነው። ዘፈኑን አስቀድማ እንድትሰማ አላደረጉም። ስንኙን እዚያው እየነገሯት እሷ እየተከተለች ዘፈነች። ስትሰሙት ያለው ያ ድንገተኛ ደስታ የተቀመመ አይደለም፤ የምር ለመጀመሪያ ጊዜ እያገኘችው ነው። ፕሮዲውሰር ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አንዳንዴ ሥራው ማስጠናት ሳይሆን አለማስጠናት ነው።

የቺካጎው ምሽት

ጁላይ 12 ቀን 1979፣ ማለትም «ጉድ ታይምስ» አንደኛ ከመውጣቱ አምስት ሳምንት በፊት፣ ቺካጎ ውስጥ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ሁለት ተከታታይ የቤዝቦል ጨዋታዎች ነበሩ። ስቲቭ ዳል የሚባል የሬዲዮ ሰው አለ። ይሠራበት የነበረው ጣቢያ ሮክን ትቶ ዲስኮ ብቻ ላጫውት ሲል ከሥራ አስወጥቶታል። ቂሙን አልረሳም። የዲስኮ ሸክላ ይዞ ለመጣ ሰው መግቢያው 98 ሳንቲም እንዲሆን ተደረገ። ወደ 50 ሺህ ሰው ጎረፈ። በሁለቱ ጨዋታዎች መሃል የተሰበሰበው ሸክላ ሜዳው ላይ በፈንጂ ጋየ። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳ ገባ፣ ሣሩ ተነቃቀለ፣ ፖሊስ መጣ። ሁለተኛው ጨዋታ ተሰረዘ፤ የቺካጎ ቡድንም በፎርፌ ተሸነፈ።

ዳል ቀልድ ነው ብሏል፣ ዛሬም ይላል። ይሁንና ከተቃጠሉት ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ እንኳ አልነበሩም፤ የጥቁር ዘፋኞች ሥራዎች ነበሩ። ዲስኮ ከጥቁሮች፣ ከላቲኖችና ከግብረ ሰዶማውያን ክለቦች የወጣ ሙዚቃ ነው። ጥላቻው ለሙዚቃው ብቻ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። በእርግጥ ገበያው ራሱ ሞልቶ ፈሶ ነበር። በ1979 መጀመሪያ ላይ ማንም ተነስቶ የዲስኮ ሸክላ የሚያወጣበት ዘመን ነበር፣ ሰውም ሰልችቶታል። ሁለቱም እውነት ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎች ግን ልዩነቱን አልመረመሩም፤ በሩን ዘጉት። ሺክ ደግሞ የሚታወቅ ፊት ስለሌለው ሰው ዘፋኙን ወዶ የሚያዝንለት፣ የሚከራከርለት አልነበረም። ስሙ ሲነሳ ዲስኮ ብቻ ነው የሚታወሰው።

ከናይት ክለብ እስከ ጠበቃ ቢሮ

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ሮጀርስ ኒውዮርክ አንድ ክለብ ውስጥ እያለ ዲጄው የራሱን የ«ጉድ ታይምስ»ን ቤዝ አጫወተ። በላዩ ላይ ግን ሰዎች እያወሩ ነው። መጀመሪያ ዲጄው ሸክላውን እያጫወተ ማይክ ላይ የሚያወራ መሰለው። ዞር ሲል ማይክ የያዘ የለም። ሸክላው ራሱ ነው። «ራፐርስ ዲላይት» ይባላል፣ ሹገርሂል ጋንግ የሚባሉ ልጆች ሥራ ነው። ቤዙን ሌሎች ሙዚቀኞች እንደገና ተጫውተውታል፤ የቫዮሊኑ ድምፅ ግን ከሺክ ሸክላ ላይ በቀጥታ የተወሰደ ነው። የኤድዋርድስና የሮጀርስ ስም ደግሞ የትም የለም።

ጠበቃ ያዙ። ክስ ከመጀመሩ በፊት ሹገርሂል ተስማማ። ሁለቱ የዘፈኑ ደራሲዎች ሆነው ተመዘገቡ። «ራፐርስ ዲላይት» በ1980 መጀመሪያ ከአሜሪካ ምርጥ 40 ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የራፕ ዘፈን ሆነ። ሮጀርስ መጀመሪያ ቢናደድም ኋላ ዘፈኑን እንደሚወደው ደጋግሞ ተናግሯል። መውደዱ አይገርምም፤ ደሞዝ ከፋዩ ነው።

ለእኔ የጉዳዩ ማዕከል ይሄ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሺክ ሁለት ኑሮ ኖረ። በአንድ በኩል ሬዲዮው ፊት ነሳው። በሌላ በኩል አዲስ የተወለደው ሂፕሆፕ ያለ እሱ መራመድ አቃተው። ምክንያቱ ቴክኒክ ነው። የሺክ ዘፈኖች መሃላቸው ላይ ይራቆታሉ። ጊታሩ ይወጣል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ቤዝና ድራም ብቻ ይቀራሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ለዲጄ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። በሁለት ሸክላ እያቀባበለ ያችን ባዶ ቦታ እስከፈለገው ያረዝማታል። ሮጀርስና ኤድዋርድስ ይሄን ያደረጉት ለራፐር ብለው አልነበረም፤ ራፐር የሚባል ነገር መቼ አወቁና።

ሦስት የጨለማ ዓመታት

በ1980 ዳያና ሮስ መጣች። እዚህም ላይ ሮጀርስ ያየውን ነገር ወደ ዘፈን የመቀየር ልማዱ ይታያል። አንድ ክለብ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ዳያና ሮስን መስለው የለበሱ በርካታ ወንዶች አጋጠሙት። ከዚያ «አይም ካሚንግ አውት» መጣ። ሰሙ «እየወጣሁ ነው» ነው፤ ወርቁ ግን ግብረ ሰዶማዊ መሆንን በይፋ መግለጥ ነው። ሮስ ቀረጻውን ለታዋቂው የሬዲዮ ሰው ፍራንኪ ክሮከር አሰማችው፤ ይሄ ዘፈን ሥራሽን ያበላሻል አላት። ደነገጠች። የሸክላ ድርጅቷ ሞታውን አልበሙን ሁለቱን ሳያማክራቸው እንደገና ሚክስ አደረገው። ሁለቱ ተቆጥተው ስማችን ይውጣ እስከማለት ደረሱ። ስማቸው ግን ቀረ፤ እንኳንም ቀረ። «አፕሳይድ ዳውን» አንደኛ ወጣ፣ «አይም ካሚንግ አውት»ም ተከተለ። አልበሙ ከሮስ አልበሞች ሁሉ የበለጠ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቆመ። የሺክ አልበሞች እየወጡ አይሰሙም። በ1981 ብሎንዲ ለሚባለው ባንድ ዘፋኝ ለዴቢ ሃሪ የሠሩላት አልበም የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። በ1983 የወጣው የሮጀርስ የግል አልበምም አልተሸጠም። ስልክ የሚደውል እየቀነሰ፣ ኮኬይኑ እየበዛ ሄደ። በእሱና በኤድዋርድስ መካከልም ነገር ሻከረ። ሮጀርስ ራሱ ያን ጊዜ ሲያስታውስ በተከታታይ ስለከሰሩበት ሥራዎች ያወራል። ባንዱ ተበተነ።

ቦዊ

በ1982 መጸው ኒውዮርክ ኮንቲኔንታል የሚባል ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ክለብ ውስጥ ዴቪድ ቦዊ ብቻውን ተቀምጦ አየው። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ጃዝ አወሩ። ቦዊ ያኔ ከቀድሞው የሸክላ ድርጅቱ ጋር ውሉን ጨርሶ ነበር፤ አዲስ ገና አልፈረመም፣ ለቀረጻው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። የፈለገው በግልጽ ሂት ነው። ሮጀርስ ግን የጠበቀው ሌላ ነበር። የቦዊን ስም የያዘ፣ የተመራመረ፣ ተቺ የሚያደንቀው አልበም። ዲስኮ ሠሪ ከሚል ስም የሚያወጣውን። እንደገና የጭፈራ ሙዚቃ ሥራልኝ መባሉ መጀመሪያ ላይ አላስደሰተውም።

ስዊዘርላንድ ቦዊ ቤት ሄደ። ቦዊ ጊታር አንስቶ «ሌትስ ዳንስ»ን ተጫወተለት። ጭፈራ የሚል ስም ያለው፣ ግን እሳት ዳር የሚንጎራጎር ዓይነት ዘፈን። ሮጀርስ ቀልድ መሰለው። ቦዊ በዚያ ጊዜ ያሳየው አንድ ፎቶ አለ። ጥቁሩ የሮክ ኤንድ ሮል አንጋፋ ሊትል ሪቻርድ ቀይ ሱፍ ለብሶ ቀይ ካዲላክ ውስጥ ሲገባ። አልበሜ ይሄን ይምሰል አለው። ለአቀናባሪ ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ የለም። ድሮ ነው፣ አዲስም ነው፤ ጥቁር ሙዚቃ ነው፣ ለዓለምም ነው። ሮጀርስ ኮርዱን ወደ ላይኛው የድምፅ ክልል አንስቶ ቆራረጠው፣ በመሃሉ ባዶ ቦታ ተወ፣ ያንን ባዶ ቦታ በማሚቶ ሞላው። የሺክ ሙያ ነው፤ ሱፉን ብቻ ቀየረ።

በ1982 መጨረሻ ፓወር ስቴሽን ስቱዲዮ ገቡ። ቀረጻውና ሚክሱ በ17 ቀን አለቀ። ለብሉዝ ጊታር ቦዊ ሞንትሮ ፌስቲቫል ላይ ሰው ሲጮህበት ያየውን ያልታወቀ የቴክሳስ ልጅ አመጣ፤ ስቲቪ ሬይ ቮን ይባላል። «ሌትስ ዳንስ» በ1983 በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ወጣ። አልበሙ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

አሁን የደራሲነቱን ነገር እንይ። እኛ ዘንድ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። በአሜሪካና በእንግሊዝ አሠራርም የዘፈን ባለቤት የሚባለው በዋናነት የግጥምና የዜማው ደራሲ ነው። አቀናባሪው የቱንም ያህል ዘፈኑን ቢለውጠው ካልተስማሙለት በስተቀር ከዚያ መስመር ውጭ ነው። የ«ሌትስ ዳንስ» ደራሲ ቦዊ ብቻ ነው። ሮጀርስ የፕሮዲውሰር ድርሻውን አግኝቷል። ያንን የማንጎራጎሪያ ዘፈን ዓለም የሚያውቀው ነገር ያደረገው ግን እሱ ነው። ቦዊም በኋለኞቹ ዓመታት ስለዚያ አልበም ሲያወራ ሞቅ ያለ ምስጋና አልነበረውም፤ ሮጀርስም ቅር መሰኘቱን አልደበቀም። ማን ተሳሳተ ማለት አይቻልም። ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንቡ ግን ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሺክ መንፈስ በማዶና ስም

ከቦዊ በኋላ ስልኩ አላረፈም። ለዱራን ዱራን የሠራው የ«ዘ ሪፍሌክስ» ሪሚክስ በ1984 አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ማዶና መጣች። አንድ አልበም ያላት፣ ገና እየታወቀች ያለች ልጅ ነበረች። ሮጀርስ የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ «ማቴሪያል ገርል» መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ማዶና «ላይክ አ ቨርጂን» ነው አለች። እሷ ልክ ነበረች። ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ሮጀርስ ግን አንድ ክርክር አሸንፏል። ዘመኑ የማሽን ድራምና የሲንተሳይዘር ነበር። እሱ የምር ሰው ይጫወት አለ። ጠራቸው፤ ቤዝ ኤድዋርድስ፣ ድራም ቶኒ ቶምሰን፣ ጊታር ራሱ። ቆጥራችሁ ከሆነ ይሄ ሺክ ነው! አሜሪካ አምስት ዓመት ሙሉ አንሰማም ያለችው ባንድ ስሙ ሳይጠራ በቁጥር አንድ ዘፈን ተመልሶ ገባ። ፊት አለመኖሩ ያን ጊዜ ጠቀመው። ለሚታወቅ ፊት የዲስኮ ስም እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ይቀር ነበር።

ጁላይ 13 ቀን 1985 በእኛ የ77ቱ ረሃብ ምክንያት የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ሲዘጋጅ ሮጀርስ ፊላደልፊያ መድረክ ላይ ቶምሰን ትዊንስ ከሚባለው ባንድና ከማዶና ጋር ተጫውቷል። ቶኒ ቶምሰንም በዚያው ቀን ከፓወር ስቴሽን ባንድ ጋር፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሌድ ዘፔሊን ጋር ድራም መትቷል። ሁለት የሺክ ሰዎች በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ ቆሙ፤ የሺክን ስም የጠራ የለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቶቻችን ደጋግመን ያየነው የኤዲ መርፊ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ፊልም ሙዚቃም የሮጀርስ ነው።

ቶኪዮ

የጎደለው ኤድዋርድስ ነበር። እሱም በራሱ ጥሩ ሠርቷል፤ የሮበርት ፓልመርን «አዲክትድ ቱ ላቭ» ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። በ1992 ሁለቱ ተመልሰው የሺክን አልበም ሠሩ። ሮጀርስ በ1994 መጠጥና ኮኬይኑን ተወ። በኤፕሪል 1996 ጃፓን ሮጀርስን አክብሮ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ ኤድዋርድስ አብሮት ሄደ። ሳንባ ምች ይዞት ነበር። አልቀርም ብሎ ቡዶካን አዳራሽ ተጫወተ። በማግስቱ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 43 ዓመቱ ነበር። ያገኘው ሮጀርስ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. «ሞ መኒ ሞ ፕሮብለምስ» አንደኛ ወጣ፤ መሠረቱ «አይም ካሚንግ አውት» ነው። በ1998 የዊል ስሚዝ አንደኛ የወጣ ዘፈን ከሲስተር ስሌጅ «ሂዝ ዘ ግሬተስት ዳንሰር» ላይ ተሠራ። በ2000 ሞጆ የሚባሉ ፈረንሳዮች ከሺክ «ሱፕ ፎር ዋን» ወስደው «ሌዲ»ን አወጡ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሁለቱ ስም በደራሲነት አለ። ሮጀርስ አዲስ ሥራ ባይሠራም ዘፈኖቹ እየሠሩለት ነበር፤ ለኤድዋርድስ ወራሾችም እንደዚያው። ከ1977 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ደራሲ ተብለው ባይመዘገቡ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር። የቦዊና የማዶና ሽያጭ ይበልጣል፤ ዕድሜው የረዘመው ግን የሺክ ነው።

ሁለተኛው መመለስ

በ2010 ፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። በ2013 ነጻ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዳፍት ፓንክ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሙዚቀኞች «ጌት ለኪ»ን አወጡ። ፈረንሳዮቹ ጥንታዊውን አሠራር ፈልገው ነበር፤ የምር ስቱዲዮ፣ የምር ሙዚቀኛ። ሮጀርስ ያንኑ የድሮ ነጭ ስትራቶካስተር ጊታሩን ይዞ ገባ፣ ያንኑ ቸክ ቸክ አደረገ። ዘፈኑ እንግሊዝን ጨምሮ በብዙ አገሮች አንደኛ ሆነ፤ በጃንዋሪ 2014 የዓመቱ ሪከርድ ተብሎ ግራሚ ወሰደ። የደራሲዎቹን ዝርዝር ስታዩ አራት ስም አለ። አንዱ ናይል ሮጀርስ ነው። በ1983 ለቦዊ ሲሠራ ጊታሩ ሙያ ተብሎ ነበር የተከፈለው። ከ30 ዓመት በኋላ ያው ጊታር ድርሰት ተብሎ ተመዘገበ። በመሃል የተለወጠው እጁ አይደለም፤ የመደራደር አቅሙና ዘመኑ ነው።

ክብሩ ዘግይቶ መጣ። ሺክ ለሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ 11 ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አልገባም። በ2017 ሮጀርስን ብቻውን በሙዚቃ የላቀ አስተዋጽኦ በሚል ሽልማት አስገቡት። እሱም ባንዱን ትተው እሱን መምረጣቸው ግራ እንዳጋባው አልሸሸገም። እኔንም ግራ ያጋባኛል።

በዲሴምበር 2020 ሮጀርስ ስለ ስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት ስለሚደመጥ ሙዚቃ ገቢ የሚመረምረው የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ነበር። አንድ ስትሪም ምን ያህል እንደሚከፍል እንኳ እንደማያውቅ ተናገረ። ይህን ያህል ዘፈን ያለው ሰው! የሚገርመው ያን ጊዜ እሱ ራሱ በሌላኛው ወገንም ነበር። በ2018 ከሙዚቃ ሥራ አስኪያጁ ሜርክ መርኩሪያዲስ ጋር ሂፕኖሲስ የተባለውን ድርጅት ሲጀምሩ አላማው የዘፈን መብቶችን ከደራሲዎች እየገዛ ለባለአክሲዮን ገቢ ማምጣት ነበር፤ ፈንዱም በለንደን የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። መርኩሪያዲስ ዘፈን ከወርቅና ከነዳጅ የማይተናነስ ሀብት ነው ይል ነበር። ጥቂት ዓመት ዕውነት መሰለ። ከዚያ ወለድ ጨመረ፣ አክሲዮኑ ወረደ፤ በ2023 ባለአክሲዮኖች ፈንዱ አሁን ባለበት እንዳይቀጥል ድምፅ ሰጡ። በ2024 ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው። ዘፈኖቹ ገቢ ማምጣታቸውን አላቆሙም፤ የተሳሳተው የተገዙበት ዋጋ ነበር።